ይተነፍሳል ወይስ ያጣጥራል?

(ለጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ ከራሳችን ስሕተት የተማርነውን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በስብሰባ ላይ ሳለን አንድ አባት ከወንበራቸው ወደቁ። ሰውነታቸው ጥቂት ስለ ተንቀጠቀጠ የሚጥል በሽታ መሰለን። አንዱ ውኃ ረጨ፤ ሌላው ክብሪት ጫረ። በየመካከሉ እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ስለ ሰማንም «ይተነፍሳሉ» ብለን ተጽናናን። ዲፊብሪሌተር የሚባለው የልብ መሣሪያ በመግቢያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ዳሩ ግን የሐኪም ዕቃ ነው ብለን አልነካነውም። እኚያ አባት አልተነሡም። መሣሪያው ያድናቸው እንደ ሆነ አናውቅም፤ ዕድሉን እንዳልሰጠናቸው ግን እናውቃለን።

የሰማነው ትንፋሽ ሳይሆን ጣር ነበር። ልብ በድንገት ሥርዓቱን ሲያጣ ይንቀጠቀጣል እንጂ ደም አይገፋም። መሣሪያው የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ያን መንቀጥቀጥ አቁሞ ልብ እንደ ገና በሥርዓት እንዲመታ ያደርገዋል። ያለ እርዳታ የምታልፍ እያንዳንዷ ደቂቃ የመዳንን ተስፋ ከ7 እስከ 10 በመቶ ትቀንሳለች።

እንግዲህ መቼ እንጠቀምበት? ጥያቄው ሁለት ነው። ትከሻውን ይዘን ስንጠራው ይመልሳል? እንደ ጤነኛ ሰው ይተነፍሳል? ሁለቱም «የለም» ከሆነ፣ ቢያጠራጥረንም እንኳ፣ አንዱ አምቡላንስ ይጥራ፤ ሌላው መሣሪያውን ያምጣ፤ ሦስተኛው የደረቱን መካከል ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር እያጎደጎደ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫን።

መሣሪያው ሲከፈት በድምፅ ይመራናል። ደረቱን ገልጠን፣ እርጥብ ከሆነ ጠርገን፣ ተለጣፊዎቹን በሥዕሉ እንደ ታየው እንለጥፋለን። ሴት ብትሆን ሌሎች በነጠላ ይጋርዱ እንጂ በእፍረት አንዘግይ። መሣሪያው ሲመረምርና ኤሌክትሪኩን ሲሰጥ ማንም በሽተኛውን አይንካ። ኤሌክትሪክ ያስፈልገው እንደ ሆነ የሚወስነው መሣሪያው ስለ ሆነ «እንገድለው ይሆን?» ብለን አንፍራ። ወዲያው ደረቱን መጫን እንቀጥላለን። ደረቱን አሞት የሚናገር ሰው ግን ይህ መሣሪያ አይደረግለትም፤ በቶሎ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

እ.ኤ.አ. በጁን 12 ቀን 2021 ክርስቲያን ኤሪክሰን የተባለው የዴንማርክ ኳስ ተጫዋች በኮፐንሃገን ሜዳ ላይ ልቡ ቆሞ ወደቀ። በሜዳው የነበሩት ደረቱን ተጭነው በዚሁ መሣሪያ ስለ ረዱት ነቃ፤ በ2022 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ ጨዋታ ተመለሰ።

መሣሪያው በሌለበት ቦታ እጃችን አለ፤ እርዳታ እስኪደርስ እየተፈራረቅን ደረቱን እንጫን። መሣሪያው ባለበት ደግሞ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ከመበተናችሁ በፊት የት እንደ ተሰቀለ፣ ሣጥኑ ተቆልፎ እንደ ሆነና ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ፣ ባትሪውና ተለጣፊዎቹም ጊዜያቸው እንዳላለፈ እዩ። እኛ ያን ቀን ይህን አላየንም ነበር።