ከድሉ ማግስት ምን ሆነ? ለልጆቻችን ስለምንተርከውና በስክሪን ስለሚያዩት ታሪክ

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)

አዘጋጅ ኮሚቴው ልጆቻችን ስለሚያዩት ፊልም ጥቂት እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ ጉዳዩ የልጆች ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ በደስታ ተቀብያለሁ።

እዚህ ናይሮቢ ካደጉት ልጆቻችን መካከል እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውን «ዘ ላየን ኪንግ» የተሰኘ የካርቱን ፊልም የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። «ሲምባ» በስዋሂሊ አንበሳ ማለት መሆኑን ለእኔም የነገሩኝ ልጆቼ ናቸው። በፊልሙ ክፉው አጎት ወንድሙን ገድሎ ይነግሣል፤ አገሩም ይደርቃል። የሟቹ ልጅ ተመልሶ ይዋጋል፤ አጎትየው ይወድቃል፤ ወዲያው ዝናብ ዘንቦ ምድሩ ይለመልማል። ፊልሙን እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ሳናስተውለው ሁለት ነገር ያስተምራል፤ አንደኛ፣ መሪነት በደም የሚወረስ እንደሆነ፤ ሁለተኛ፣ አንድ ክፉ ከተወገደ ችግሩ ሁሉ እንደሚያበቃ።

እኛ አዋቂዎቹስ ከዚህ እንሻላለን? ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት፣ አቤ ጉበኛና ብርሃኑ ዘሪሁን ልቦለድ ጽፈዋል። ከሁሉም በልባችን ጎልቶ የቀረው ግን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የተጠጣው ሽጉጥ ነው። ጠቡ ከምን ተነሣ ቢባል ስንቶቻችን እንመልሳለን? ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ዘገየ፤ እርሳቸውም ተቆጥተው የእንግሊዝን ቆንስል አሰሩ፤ ነገሩ እየከረረ ሄዶ ጦር መጣ። እኛ ሽጉጡን እንጂ ደብዳቤውን አንተርክም።

አድዋንም ስንተርክ ጎራዴውና ፈረሱ ይቀድማል። ይሁንና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከምኒልክ ወገን ጦር ጋር ተዋግተው ተማርከው ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ግን አድዋ ላይ ከምኒልክ ጎን ተሰልፈዋል። ራስ መንገሻ ዮሐንስም ከምኒልክ ጋር ታርቀው አብረው ዘምተዋል። ያ ሁሉ ጦር በአንድ ሜዳ የተሰበሰበው አስቀድሞ ዕርቅ ስለነበረ ነው። የትናንት ተፋላሚን በአንድ ሰንደቅ ሥር ማሰለፍ ከመተኮስ የሚያንስ ጀግንነት አይደለም።

ወገኖቼ፣ ይህን የምለው ለራሴም ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የአገራችን ክፍል ጦርነት ሲነሣ፣ ሁላችንም ቀንና ሌሊት ስልካችን ላይ አፍጥጠን ነበር። ሁሉም የወገኑን ቪዲዮ ያያል፤ የሌላውን ሐሰት ይላል። እኔም ለዓመታት ቡና አብሬው የጠጣሁትን ወዳጄን በላከው አንድ ቪዲዮ ምክንያት ራቅሁት። እናቱ ሲያርፉ ለቅሶ አልደረስኩም። ልጄ «አባዬ፣ ለምን አልሄድክም?» ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ። ያ ልጅ ስለ ጠብና ስለ መሪነት ከየትኛውም ፊልም ይልቅ ከእኔ ተማረ።

ያንን ጦርነት ለማስቆም ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። በአሥረኛው ቀን የሁለቱ ወገን የጦር አዛዦች እዚሁ እኛ በምንኖርባት ናይሮቢ ተቀምጠው አፈጻጸሙን ፈረሙ። ልጆቻችን የታንኩን ምስል ያውቁታል፤ በከተማቸው ስለተፈረመው ወረቀት ግን ማን ነገራቸው?

እኔንና ወዳጄንም ሁለት የማኅበራችን ሽማግሌዎች አስቀምጠው አስታረቁን። ካሜራ የያዘ አልነበረም። ልጄ ግን ቡና ሲያቀርብ ሁሉን ሰምቷል።

ስለዚህ ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። ከልጆቻችሁ ጋር ፊልም ስታዩ፣ ሲያልቅ «ከድሉ ማግስት ምን ሆነ? የተሸነፈውስ የት ይኖራል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ደግሞም በእነዚህ 25 ዓመታት በመካከላችን ማን ማንን እንዳስታረቀ፣ ባለጉዳዮቹ ከፈቀዱ፣ ንገሯቸው። መሪ ማለት እንዲህ ያለ ሰውም መሆኑን ይወቁት።

ፈጣሪ አገራችንንና ማኅበራችንን በሰላም ይጠብቅልን።