ካሜራ ፊት ብቻን መቀመጥ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ፣ ለንደን ውስጥ የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ስለ ሕግ ድርጅቶች የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ንገሪን» ስትለኝ ሳቄ ነው የመጣው። እኔ በዲፕሎማ የተመረቅሁ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከጠበቃ ጋር የተገናኘሁት አንድ ጊዜ፣ ያውም በቤት ኪራይ ውል ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ የእህቴን ልጅ ለዚሁ ነገር ሳዘጋጅ አንድ ዓመት ሙሉ ስለከረምሁ፣ ያበላሸነውንም ያስተካከልነውንም ልንገራችሁ። በዚህ መጸው ማመልከቻ የሚያስገቡ ልጆች ያሏቸው ሦስት እናቶች እዚህ እንዳሉ አውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ አገር ሶሊሲተር ለመሆን ከትምህርቱ ሌላ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያስፈልጋል። ትልልቆቹ ድርጅቶች ይህን ልምድ «ትሬኒንግ ኮንትራክት» ብለው ደመወዝ እየከፈሉ ይሰጣሉ፤ ሠልጣኟ አብዛኛውን ጊዜ በየስድስት ወሩ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ትዘዋወራለች። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ኤስኪውኢ የሚባል ፈተና አለ፤ የመጀመሪያው ዙር ብቻ 360 ጥያቄ ነው። የፈተናው ክፍያ ከባድ ስለሆነና ትልልቆቹ ድርጅቶች ለሚቀበሏቸው ልጆች ስለሚከፍሉ፣ ሽሚያው ብርቱ ነው። ብዙዎቹ የሚመርጡትም ሥራው ከመጀመሩ ሁለት ዓመት ያህል ቀድመው ነው። «ገና ተማሪ ናት» ብላችሁ የምትጠብቁ እናቶች ይህን ልብ በሉ።

ማመልከቻው ካለፈ ብዙዎቹ በኢሜይል ሊንክ ይልካሉ። ይህን በዕድሜ ለገፉት እናቶቻችን ማስረዳት አስቸግሮኝ ነበር፤ በቪዲዮ ከዘመድ ጋር እንደምናወራው አይደለም። ከወዲያ ማዶ ማንም የለም። ጥያቄው በጽሑፍ ወይም በተቀረጸ ድምፅ ይመጣል፤ ለማሰብ ግማሽ ደቂቃ ወይም አንድ ደቂቃ ይሰጣል፤ ከዚያ ሰዓቱ እየቆጠረ፣ ካሜራው እየቀዳ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ መናገር ነው። የሚነቀንቅ ራስ የለም፣ «እሺ» የሚል የለም። ቪዲዮውን በኋላ ነው የሚያዩት።

የእህቴ ልጅ የመጀመሪያውን ያደረገችው ቀነ ገደቡ በሚያልቅበት ምሽት፣ ኩሽና ውስጥ፣ ስልኳን ከስኳር ዕቃ ጋር አስደግፋ ነው። ወንድሞቿ ሳሎን ኳስ እያዩ ይጮኻሉ። በመሃል ከአገር ቤት ስልክ ተደወለና ድምፁ ገባ። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ለሁለት ደቂቃው ጥያቄ የነበራት መልስ በአርባ ሴኮንድ ማለቁ ነው። የቀረውን ዝም ብላ ተቀመጠች። ለካ «ጨርሻለሁ» የሚል ቁልፍ ነበረ፤ በድንጋጤ አላየችውም። ከሁለት ሳምንት በኋላ የአለመቀበል ኢሜይል መጣ። እናቷ ማታ ማታ የምታጸዳው ሕንጻ ውስጥ የሕግ ድርጅት አለና፣ ልጅቷ «እማዬ በምታጸዳው ወንበር መቀመጥ ለእኔ አልተጻፈም» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው እጄን ያስገባሁት።

መጀመሪያ የጠየቅኋት ምን ብላ እንደመለሰች ነው። ጥያቄው «ከሌሎች ጋር ሆነሽ አንድ ችግር የፈታሽበትን ጊዜ ንገሪን» የሚል ነበር። እሷ የተናገረችው «የዩኒቨርሲቲ ቡድናችን አንድ ፕሮጀክት ሠራ፣ ተጋገዝን፣ ጥሩ ውጤት አገኘን» ብላ ነው። እንግዲህ እኛ ያሳደግናት ልጅ ናት፤ «እኔ፣ እኔ» ማለት ነውር ነው ብለናታል። እዚያ ግን የሚቀጥሩት ቡድኑን አይደለም፣ እሷን ነው። እኔ ደሞ በሥራዬ ደረሰኝ የሌለው ወጪ አልቀበልም። «ታታሪ ነኝ» ማለት ደረሰኝ የሌለው ወጪ ነው አልኋት። መቼ? የት? አንቺ በእጅሽ ምን አደረግሽ? ምን ተለወጠ? ስንት?

የሂሳብ መዝገብ የምይዝበትን ዓይነት ደብተር ገዝቼ አራት ዓምድ አሰመርሁበት። ቀን፣ ጉዳይ፣ እኔ ያደረግሁት፣ ውጤት። መጀመሪያ ባዶ ወረቀት ነበር፤ «ምንም የለኝም» አለችኝ። ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ ለእናቷ ሐኪም ቤት ያስተረጎመች፣ የካውንስሉን ደብዳቤ ያነበበች፣ አንድ ጊዜ የካውንስል ታክስ በስህተት ሁለት ጊዜ ተጠይቀው ስልክ ላይ አርባ ደቂቃ ቆማ ያስተካከለች ልጅ ናት! ይህንን ግን እንደ ቤት ሥራ እንጂ እንደ ችሎታ አልቆጠረችውም። ደብዳቤ አንብቦ ዋናውን ነገር ማውጣት፣ ለማያውቅ ሰው በቀላል ቋንቋ ማስረዳት፣ የሰውን ምሥጢር መጠበቅ፤ ጠበቃ ሌላ ምን ይሠራል? በሦስት ቅዳሜ አሥራ ሁለት ታሪክ መዘገብን። እናቶች፣ እዚህ ላይ ትረዷቸዋላችሁ። ልጆቹ የረሱትን እናንተ ታስታውሳላችሁ።

ማመልከቻው ላይ ወላጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ያውቃሉ ወይ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ነፃ ምሳ ታገኝ ነበር ወይ የሚሉ ጥያቄዎች ይኖራሉ። አንዳንዶቻችን «ገመናችንን ምን አስነገራቸው» ብለን ባዶ እናስተዋለን። የሚጠይቁት ለማዋረድ አይደለም፤ ውጤቷን ከመጣችበት ሁኔታ ጋር አብረው ለማየት ነው። እውነቱ ይሞላ።

«ለምን የእኛን ድርጅት መረጥሽ?» የሚለው አይቀርም። «ትልቅና ታዋቂ ስለሆናችሁ» ማለት ለማንም የሚሆን መልስ ነው። ድረ ገጻቸውን ከፍቶ በምን ክፍሎች እንደሚታወቁ፣ በቅርቡ ምን ሥራ እንደሠሩ ማየትና ከራስ ጋር ማያያዝ ያስፈልጋል። የንግድ ጉዳይም ይጠይቃሉ። እዚህ እኔ ትንሽ ጠቀምኋት። የእንግሊዝ ባንክ ወለድ በ2021 0.1 ከመቶ ነበር፤ በኦገስት 2023 5.25 ከመቶ ደረሰ። ሕንጻ ለመግዛት ሊበደር ያሰበ ደንበኛ ምን ይሆናል? ብድሩ ይወደድበታል፤ ግዢውን ሊያዘገይ፣ ዋጋ ሊከራከር፣ ውሉን እንደገና ሊያይ ይችላል። ያን ጊዜ የትኛው የጠበቆች ክፍል ሥራ ይበዛበታል? እንዲህ አንድ ወሬ ይዞ እስከ ደንበኛው ድረስ መከተል ነው እንጂ፣ ጋዜጣ መሸምደድ አይረዳም።

ስለ ክፍሉ ብዙ አልልም። መስኮት ከፊት እንጂ ከጀርባ አይሁን፣ ፊት ይጨልማል። ላፕቶፑ በወፍራም መጻሕፍት ላይ ከፍ ብሎ ካሜራው ከዓይን እኩል ይሁን። ስልክ ይጥፋ። የመለማመጃ ጥያቄ ካለ ደጋግማ ትሞክረው፤ ዋናውን ግን ብዙ ጊዜ መድገም አይቻልም። መልሱን ጽፋ አታንብብ፣ ዓይኗ ሲሄድ ያስታውቃል። ሦስት ቃል ብቻ ካሜራው አጠገብ ትለጥፍ። እኛ ትልቅ ሰው ፊት ዓይን መስበር አስተምረናታል፤ ካሜራ ግን ትልቅ ሰው አይደለም፣ ቀና ብላ ትየው። የእህቴ ልጅ ከካሜራው በላይ የአያቷን ፎቶ ለጥፋ ለእሷ ነበር የምታወራው። መንተባተብ፣ የመስማት ችግር ወይም ሌላ ጉዳት ያለባት ልጅ ደግሞ ቀድማ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ሌላ መንገድ ትጠይቅ። የ2010 የእኩልነት ሕግ የሚሰጣት መብት ነው፤ ልመና አይደለም።

ውጤቱን ትጠይቁኛላችሁ። ሁለተኛውም አልሆነም። ሦስተኛውን ቪዲዮ አለፈች፤ በአካል የተጠራችበት ቀን ላይ ቀረች። አለቀሰች፣ እኔም አለቀስሁ። አሁን በአንዲት ትንሽ የጠበቆች ቢሮ፣ በቤት ኪራይና በኢሚግሬሽን ጉዳይ ረዳት ሆና ትሠራለች። በአዲሱ አሠራር የሁለት ዓመቱ ልምድ እስከ አራት በሚደርሱ ቦታዎች ተደምሮ ሊሞላ ይችላል፣ ሶሊሲተር ካረጋገጠው። ስለዚህ ከአሁኑ እየተቆጠረላት ነው። ለትልልቆቹም በዚህ ዓመት እንደገና ታመለክታለች፤ ደብተሩ ሃያ ሰባት ታሪክ ደርሷል።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ለኮሚቴው። ጸጥ ያለ ክፍል የሌላቸው ልጆች ብዙ ናቸው። የማኅበራችን ትንሿ ክፍል ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ባዶዋን ነው የምታድረው። ቁልፉን እኔ እይዛለሁ፤ መብራቱንና ዋይፋዩን አይቼዋለሁ፣ ይሠራል። መጋረጃው ብቻ ነው የተቀደደው፣ የምትሰፋልኝ ካለች ሻይ ላይ ታናግረኝ። ልጆቹ ቻርጀራቸውን ይዘው ይምጡ።