ግምትና ሚዛን



ሰብል ሳይታጨድ ሁላችንም እንገምታለን። «ዘንድሮ ይህ ማሳ አሥር ኩንታል አያጣም» እንላለን። ብድር የምንበደረው፣ የልጅ ሠርግ የምንቆርጠው በዚሁ ግምት ነው። ታዲያ ግምታችን ልክ መሆኑን በምን እንወቅ?

ዘዴው ቀላል ነው። እርሳስ፣ ማስመሪያና አንድ የደብተር ገጽ ይበቃል። በገጹ ግርጌ ወደ ቀኝ መስመር አስምሩና ከ0 እስከ 20 ጻፉበት፤ ይህ ግምት ነው። ከግራ ጫፉ ወደ ላይ ሌላ መስመር አስምሩና በዚያው ልክ ከ0 እስከ 20 ጻፉበት፤ ይህ ሚዛን ነው። አሁን ከ0 ተነስታችሁ፣ ግምት 20 ሚዛንም 20 እስከሚሆኑበት ድረስ ጋደል ያለ መስመር አስምሩ። በዚህ መስመር ላይ ግምትና ሚዛን እኩል ናቸው።

አንድ ገበሬ 12 ኩንታል ገምቶ ከአውድማ 9 አገኘ እንበል። ጣታችሁን ግርጌው ላይ 12 ዘንድ አድርጉ፤ በ9 ትክክል እስኪሆን ቀጥ ብላችሁ ውጡ፤ እዚያ ነጥብ አድርጉ። ነጥቡ ከጋደለው መስመር 3 ኩንታል ዝቅ ይላል። ለመንደሩ ሰው ሁሉ እንዲህ አድርጉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ነጥቦቹ ቀጥ ብለው ስለተሰለፉ ብቻ ግምቱ ልክ ነው አይባልም። ሁልጊዜ 3 ኩንታል የሚያበዛ ሰው ነጥቦቹ ያማረ ሰልፍ ይሠራሉ፤ ግን ሁሉም ከመስመሩ በታች ናቸው። እሱስ መድኃኒት አለው፤ ከሚለው ላይ 3 መቀነስ ነው። ነጥቦቹ ወዲያና ወዲህ የተበተኑበት ሰው ነው የሚያስቸግረው።

ከሊቃውንትም ግምት ይሳሳታል። በሕንድ አገር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1940ዎቹ፣ ማሃላኖቢስ የተባሉ የስታቲስቲክስ ሊቅ ከትንሽ ቁራጭ መሬት አጭዶ የሚገመት ምርት ከእውነተኛው እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ምክንያቱ አጫጁ ጠርዝ ላይ የቆመውን ዛላ ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ ነው። ነገሩ ቀላል አይምሰላችሁ። 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ቁራጭ በአንድ ሄክታር ውስጥ 625 ጊዜ ይገባል። በቁራጩ ላይ ሩብ ኪሎ ቢጨመር በሄክታር ከአንድ ኩንታል ተኩል በላይ የሌለ እህል ይጻፋል!

ብቻ ግምቱ ከአጨዳ በፊት ይጻፍ። ከተመዘነ በኋላማ «እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው» የማይል ማን አለ?