ጁፒተር ከማጀቴ ሰማይ ላይ

ማጀቴ፣ ሸዋ ሮቢት፣ በጠቅላላው በይፋት ቆላ ያላችሁ፣ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ደጅ ወጣ በሉ። ከዋክብቱ ሲርገበገቡ እሱ ረግቶ የሚያበራ ደማቅ ነጭ ብርሃን ካያችሁ፣ ምናልባት ጁፒተር የተባለው ፕላኔት ነው። አረብኛ የምታውቁ ሙሽተሪ ትሉታላችሁ።

ጁፒተር እግር የሚያሳርፉበት መሬት የለውም። አብዛኛው አካሉ ሃይድሮጅንና ሂሊየም ነው። ወገቡ ላይ ከዳር እስከ ዳር 143 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ 11 መሬቶች ጎን ለጎን ቢደረደሩ ነው የሚያክሉት። ይህን ያህል ገዝፎም በራሱ ዛቢያ አንዴ ለመዞር 10 ሰዓት አይፈጅበትም።

ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልንገራችሁ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ጋሊሊዮ በ1610 አራቱን ትልልቅ ጨረቃዎቹን አየ። ፓዮኒር 10 የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ1973 አጠገቡ አለፈች። ሌላዋ መንኮራኩር ጁኖ ከ2016 ጀምሮ ዙሪያውን ስትዞር ከርማለች። እኔን ከሁሉ የሚያጓጓኝ ግን ዩሮፓ የተባለችው ጨረቃ ናት፤ ከበረዶ ቅርፊቷ ሥር ጨዋማ ውቅያኖስ እንዳለ ሳይንቲስቶች ያምናሉ። እሷን ለማጥናት በ2024 የተወነጨፈችው ዩሮፓ ክሊፐር በ2030 ትደርሳለች ተብሎ ይጠበቃል።

እንጦጦ ተራራ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። ጨረቃዎቹን ለማየት ግን እንጦጦ መውጣት ግድ አይደለም። ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር ያለው ጎረቤት ካላችሁ ተዋሱት፤ እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ ክርናችሁን አጥር ላይ አስደግፉ። በጁፒተር ግራና ቀኝ የተሰለፉ ጥቃቅን ነጥቦች ታያላችሁ። በማግስቱ ማታ ደግማችሁ እዩአቸው፤ ቦታ ቀይረዋል።