ፎቶሾፕ በኪራይ፣ በግዢ ወይስ በነጻ? ለደጋው ፎቶ ቤቶች

የዛሬው ዝግጅታችን ፎቶ አንስታችሁ፣ አስተካክላችሁና አትማችሁ ለምትተዳደሩ ነው። በደብረ ታቦር፣ በወረታ፣ በነፋስ መውጫ፣ በእስቴ መካነ ኢየሱስ ፎቶ ቤት የከፈታችሁ፣ ወይም አንድ ካሜራና አንድ ላፕቶፕ ይዛችሁ ሰርግ ለሰርግ የምትዞሩ ልጆች ደጋግማችሁ የምታነሱት ጥያቄ አለ። የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም በየወሩ እየከፈልን እንጠቀም ወይስ አንዴ ገዝተን እንገላገል?

መልሴን ላስቀድም። ከእናንተ ለአብዛኞቹ ሁለቱም አያስፈልግም። ዛሬ በነጻ የሚገኙት ፕሮግራሞች የጉርድ ፎቶውን፣ የሰርጉን፣ የምርቃቱንና የክርስትናውን ሥራ ይችሉታል። ወርሃዊ ክፍያ የሚያዋጣው ሥራው ራሱ ወጪውን በሚሸፍንበት ወር ብቻ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

ፎቶሾፕን አንዴ ገዝቶ የራስ ማድረግ የሚባል ነገር ዛሬ የለም። ፕሮግራሙን የጀመሩት ቶማስና ጆን ኖል የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው፤ አዶቢ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ አቀረበው። ከዚያ ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ የገዛው ሰው የራሱ አድርጎ፣ ኮምፒውተሩ እስከቻለ ድረስ ይሠራበት ነበር። በዚህ መንገድ የተሸጠው የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሲኤስ 6 ነው። በዓመቱ፣ በ2013፣ ኩባንያው ከእንግዲህ አዲስ የሚያወጣው በየጊዜው ለሚከፍል ሰው ብቻ እንደሆነ አስታወቀ። የዚሁ ኩባንያ ሌላው የፎቶ ፕሮግራም ላይትሩምም ዘግየት ብሎ ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ላይትሩም 6 አንዴ ተከፍሎበት የሚያዝ የመጨረሻው ሆነ።

ስለዚህ በቴሌግራም «አዲሱ ፎቶሾፕ፣ የዕድሜ ልክ፣ በጥቂት መቶ ብር» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ የሚሸጥላችሁ ወይ ጥበቃው ተሰብሮ ክራክ የተደረገ ነው፣ ወይ የሌላ ሰው አካውንት ነው። አካውንት ከሆነ ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን የቀየረ ዕለት ብራችሁ ቀረ። ክራክ ከሆነ ነገሩ ይከፋል፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ፎቶሾፕንና ላይትሩምን አንድ ላይ የያዘው የፎቶ አንሺዎች ጥቅል ለዓመታት በወር 10 ዶላር ግድም ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ወዲህ ግን ያ ርካሽ ጥቅል ለአዲስ ደንበኛ አይሸጥም፤ አዲስ የሚገባ ሰው የሚያገኘው በወር 20 ዶላር ግድም የሚከፈልበትን ነው። በእኛ በኩል ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ፤ ከዚያም መውጣቱን ቀጠለ። ለስሌት እንዲመቸን አንዱን ዶላር በ150 ብር እንያዘው፤ እናንተ የዕለቱን ተመን ተኩበት። በድሮው ዋጋና በድሮው ተመን በወር 570 ብር የነበረው ክፍያ አሁን 3,000 ብር ነው። በዓመት 36,000፣ በሦስት ዓመት 108,000 ብር ይሆናል። ከሦስት ዓመት በኋላ ክፍያውን ብታቆሙ ደግሞ ፕሮግራሙ ይዘጋል፤ በእጃችሁ የሚቀር ነገር የለም።

ይህን ከቤታችሁ ገቢ ጋር አስተያዩት። ከአንድ ጉርድ ፎቶ ደንበኛ የወረቀቱ፣ የቀለሙና የመብራቱ ወጪ ተቀንሶ 50 ብር ይተርፋችኋል እንበል። ኪራዩን ብቻ ለመክፈል በወሩ 60 ሰው በራችሁን ማንኳኳት አለበት። የጉርድ ፎቶ ገበያም እንደ ድሮው አይደለም፤ ለፋይዳ መታወቂያም ለፓስፖርትም የሚመዘገብ ሰው ፎቶውን የሚነሳው እዚያው መመዝገቢያው ጋ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የገቢያችሁ ወቅታዊነት ነው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ያለው የጥር ሰርግ አለ፤ ሁዳዴ ሲገባ ሥራው ይቆማል። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይነሳል። የዩኒቨርሲቲው ምርቃት ይመጣል። ነሐሴ 13፣ በከተማችን ስም የሚጠራው የደብረ ታቦር በዓል፣ ቡሄው ሲደምቅ ጥቂት እንቅስቃሴ ይኖራል። የቀረው የክረምት ጊዜ ዝናብ፣ ጭቃና ጉም ነው። ወርሃዊው ክፍያ ግን ጾም አያውቅም፣ ክረምት አያውቅም። በዶላር ተቆርጦ፣ በየወሩ በዕለቱ ይጠይቃል። በጥር ላይ ቀላል የሚመስለው 3,000 ብር በሐምሌ የቤት ኪራይን ይነካል።

ሌላው የአከፋፈሉ ጉዳይ ነው። ከባንክ የምትወስዱት የብር ኤቲኤም ካርድ በውጭ አገር ድረ ገጽ ላይ አይከፍልም፤ በቴሌብርም አዶቢን መክፈል አይቻልም። የውጭ ምንዛሬ ሒሳብና በእሱ ላይ የተመሠረተ ካርድ ያስፈልጋል፣ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ በራሱ ካርድ ይከፍልላችኋል። ያ ዘመድ ካርዱ ጊዜው አልፎ ካልታደሰ ወይም ኑሮ ከከበደው፣ የእናንተ ሥራ እዚህ ደብረ ታቦር ይቆማል።

ኢንተርኔትም አለ። የኪራይ ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ እውነት ነው፤ ሆኖም በየ30 ቀኑ ግድም ፈቃዱ የጸና መሆኑን ከኩባንያው ጋር ተገናኝቶ ለማረጋገጥ ይሞክራል። የዓመት ውል ያለው ሰው ግንኙነት ቢያጣም ጥቂት ወራት ይታገሠዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ይዘጋበታል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስንት ወር እንደቆየ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እዚህ አካባቢ ፕሮግራም የሚመርጥ ሰው ያን ጊዜ ከስሌቱ ማውጣት የለበትም።

«ታዲያ ክራኩን እንጠቀማ» የሚለው መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ብዙ ፎቶ ቤት የሚሠራው በእሱ እንደሆነም አውቃለሁ፤ ማንንም ለመውቀስ አልተነሳሁም። ክራክ ስትጭኑ የሚሆነውን ግን ልብ በሉት። መመሪያው መጀመሪያ «አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል። ቀጥሎ ማን እንደሠራው ለማይታወቅ ፋይል በኮምፒውተሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ትሰጡታላችሁ። ስቶፕ ወይም ዲጄቪዩ የሚባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ በዋናነት የተሠራጨው በእንዲህ ዓይነት ክራኮች ውስጥ ተደብቆ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያሉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ ይቆልፋል፣ ከስማቸው ኋላ ቅጥያ ይጨምራል፣ ለመክፈቻው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። የተሰካ ሃርድ ዲስክ ካገኘም አይምርም። የጠፋ የሰርግ ፎቶ ደግሞ አይደገምም፤ ሙሽሮቹን መልሶ መዳር አይቻልም።

በነጻ ያሉትን ልንገራችሁ። አንደኛው ጂምፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጀመሩት፣ ከዚያ ወዲህ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ነው። በመጋቢት 2025 የወጣው ጂምፕ 3 ለዓመታት ቅሬታ የነበረበትን ነገር አስተካክሏል፤ ብዙዎቹ ፊልተሮች ዋናውን ምስል ሳይነኩ ይሠራሉ፣ ቆይታችሁ ልታሻሽሏቸው ትችላላችሁ። የፎቶሾፕ እጅ ያላችሁ ፎቶጂምፕ የሚባለውን ነጻ ተጨማሪ ብትጭኑ የመሣሪያዎቹ አቀማመጥና የኪቦርድ አቋራጮቹ ወደለመዳችሁት ይቀርባሉ።

ሁለተኛው አፊኒቲ ነው። ይህ የእንግሊዝ ኩባንያ ሥራ ለዓመታት አንዴ ተከፍሎ የሚያዝ ነበር፤ ሁለተኛው እትም 70 ዶላር ግድም ይሸጥ ነበር። በ2024 ካንቫ ኩባንያውን ገዛው፣ በጥቅምት 2025 መጨረሻ ደግሞ በነጻ ለቀቀው። መጀመሪያ በካንቫ አካውንት ለማስጀመር ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ክፍያ የሚጠየቅበት የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያው ነው፤ ለጉርድ ፎቶና ለአልበም ሥራ ያ አይጎድልባችሁም። ዛሬ አዲስ ጀማሪ ሆኖ ፈጠን ያለ ኮምፒውተር ላለው ሰው እኔ የምመክረው ይህን ነው። ኮምፒውተሩ ደካማ ከሆነ ጂምፕ ይሻላል። የሰው ኮምፒውተር ላይ ለተቀመጠ ደግሞ ፎቶፒያ አለ፤ በብራውዘር ይከፈታል፣ የፎቶሾፕ ፋይል ያነባል፣ ፎቶውም ከኮምፒውተሩ አይወጣም።

በጂምፕ አንድ ጉርድ ፎቶ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ላሳያችሁ። ምስሉን ትከፍታላችሁ፤ የመቁረጫ መሣሪያውን 3 ለ4 በሚል ቋሚ ምጥጥን ታስሩታላችሁ፤ ከጭንቅላቱ በላይ ጥቂት ክፍተት ትታችሁ እስከ ደረት ትቆርጣላችሁ። መጠኑን 3 በ4 ሴንቲ ሜትር፣ ጥራቱን 300 ስታደርጉት 354 በ472 ፒክስል ይሰጣችኋል። ጀርባውን መርጣችሁ ነጭ ታደርጉታላችሁ። ከፀጉሩ ጠርዝ ላይ ምርጫውን ጥቂት ማለስለስ አትርሱ፤ ሹሩባና ጎፈሬ የተቆረጠ ካርቶን የሚመስለው ይህ ሲዘለል ነው። ከዚያ በአግድም 15 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ማለትም 1772 በ1181 ፒክስል፣ ባዶ ገጽ ትከፍቱና በሁለት ረድፍ አራት አራት አድርጋችሁ ስምንቱን ትደረድራላችሁ። ይህን ባዶ ገጽ አንዴ አስቀምጡት፤ ለቀጣዩ ደንበኛ መለጠፍ ብቻ ነው የሚቀራችሁ። ፊቱን ማቅላት፣ አፍንጫ ማቅጠን ግን በመታወቂያ ፎቶ ላይ አይሠራም፤ ሰውዬውን ከባንክ መስኮት ይመልሱታል።

ሌላው የእኛ አገር ችግር ነጠላው ነው። በጉና ተራራ ሥር በቀትር ፀሐይ ሙሽሪትን ነጭ ቀሚስ አልብሶ ማንሳት ቀላል አይደለም። ለፊቷ ብርሃን ስትሰጡ ነጠላው ይቃጠላል፣ ጥለቱ ብቻ ይቀራል፤ ነጠላውን ስታድኑ ፊቷ ይጨልማል። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ነው የሚይዘው፤ የካሜራችሁ ሮው ፋይል በ14 ቢት ከሆነ 16,384 ደረጃ ይይዛል። የነጠላው ሽመና ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ብርሃኑን ጥቂት አሳንሳችሁ አንሱና ዳርክቴብል ወይም ሮው ቴራፒ በሚባሉት ነጻ ፕሮግራሞች የፊቱን ጥላ አንሱት፣ ነጩን ዝቅ አድርጉት። ላይትሩም ይህን በፍጥነት ይሠራል እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። ለአልበሙ የአማርኛ ጽሑፍ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የሚባሉትን ነጻ የዩኒኮድ ፊደሎች ጫኑ፤ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ስም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ወደ ምልክት ይለወጣል።

መክፈል የሚያዋጣው ሰው የለም አልልም። በአንድ ሰርግ ሁለትና ሦስት ሺሕ ፎቶ አንስቶ በሳምንት ውስጥ ማስረከብ ያለበት ሰው ላይትሩም የሚቆጥብለት ጊዜ ገንዘብ ነው። ከአዲስ አበባ የማስታወቂያ ድርጅት በፎቶሾፕ ፋይል ሥራ የሚቀበልም እንዲሁ፤ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ፋይሉን ቢከፍቱም አንዳንዱ ነገር ይፈራርስባቸዋል። ከነዚህ አንዱ ከሆናችሁ ክፈሉ፣ ዋጋውንም ለደንበኛው በምትነግሩት ሒሳብ ውስጥ አስገቡት።

ስትከፍሉ ግን የውሉን ዓይነት አንብቡ። ርካሽ ሆኖ የሚታየው «ዓመታዊ፣ በየወሩ የሚከፈል» የሚለው ነው። የ12 ወር ግዴታ ነው። ከመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት በኋላ ካቋረጣችሁ የቀሪውን ጊዜ ክፍያ ግማሽ ይጠይቃችኋል። በአራተኛው ወር መጨረሻ ብታቆሙ የቀረው የስምንት ወር 24,000 ብር ነው፤ ግማሹ 12,000 ብር። የአሜሪካ መንግሥት የንግድ ኮሚሽን በሰኔ 2024 አዶቢን ፍርድ ቤት ያቆመው ይህን ክፍያ ከደንበኞች ሰውሯል ብሎ ነው። ፎቶሾፕን ብቻውን በእውነተኛ የወር በወር ውል መውሰድም ይቻላል፤ ከ30 ዶላር በላይ ነው፣ ውድ ነው፤ ግን ጥር ላይ ከፍቶ የካቲት ላይ ለመዝጋት ለሚፈልግ ሰው ከዓመቱ ውል ይቀለዋል።

አሁን በኪራይ ላይ ያላችሁና ለመውጣት የምታስቡ፣ ውሉ ከማብቃቱ በፊት ሥራችሁን አውጡ። የላይትሩም ማስተካከያዎቻችሁን ሙሉ ጥራት ባለው ጄፔግ ወይም ቲፍ ኤክስፖርት አድርጉ፤ ክፍያው ሲቆም በላይትሩም ክላሲክ ፎቶዎቹን ማየትና ማውጣት ቢቻልም የማስተካከያው ክፍል ይቆለፋል። የፎቶሾፕ ፋይሎችን አንድ ሁለቱን በአፊኒቲ ወይም በጂምፕ ከፍታችሁ ሞክሩ፣ ጽሑፉና ሌየሩ እንዳለ መሆኑን እዩ። የነጻዎቹን ፕሮግራሞች መጫኛ ከየራሳቸው ድረ ገጽ አንዴ አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፤ የጂምፕን፣ የዳርክቴብልንና የሮው ቴራፒን ለጎረቤት ፎቶ ቤት መስጠትም አይከለከልም። ከዓመቱ 36,000 ብር ላይ መጀመሪያ ሃርድ ዲስክ ግዙ፤ የሰርጉን ፎቶ ሁለት ቦታ ገልብጡ፣ አንደኛውን ከፎቶ ቤቱ ውጭ፣ እቤት አስቀምጡት።