ኃይል ሲበዛ ለምን ያሥቃል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሥነ ጽሑፍ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



ክበባችን በዚህ በዓል ላይ እንድናገር ባዘዘኝ ጊዜ፣ አኒሜ ስለሚባሉት ስለ ጃፓን የሥዕል ፊልሞች እንዲሆን የመረጥሁት እኔ ራሴ ነኝ። ይህን ስል ፊታቸውን የሚያጠቁሩ ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ። «ልጆቹ ስልክ ላይ አቀርቅረው የሚያመሹበት ይህ ነገር ምን ፍሬ አለው?» የሚለው ክስ በየቤታችን ይሰማል። ክሱ ፈጽሞ ሐሰት ነው ልል አልተነሣሁም። ነገር ግን ተከሳሾቹ ሁለት ናቸውና ለየብቻ ሊዳኙ ይገባል።

የመጀመሪያው ተከሳሽ እንዲህ ያለ ነው። አንድ ቦዘኔ ወጣት በድንገት ይሞትና በሌላ ዓለም ይወለዳል። እዚያም ሰይፉም አስማቱም ያለ ድካም ተሰጥቶት ይነሣል፤ የሚቋቋመው ጠላት የለም፤ ሁሉም ያደንቀዋል። ጀግናው እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ከታወቀ ተመልካቹ የሚጠብቀው ምን ቀረ? እኔ በበኩሌ ሦስተኛውን ክፍል ሳልጨርስ እንቅልፍ ይወስደኛል። ወላጆቻችን የሚፈሩት ይህን ከሆነ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ።

ሁለተኛው ግን በዚሁ ከልክ ባለፈ ኃይል ላይ ይሥቃል። ዋን በሚል የብዕር ስም የሚታወቅ ጃፓናዊ በ2001 ዓ.ም. በሥዕል ታሪክ የጀመረው፣ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያም በፊልም የታየው «ዋን ፓንች ማን» አንዱ ነው። ባለታሪኩ ሳይታማ ማንኛውንም ጭራቅ በአንድ ቡጢ ይጥላል። ይህን ጉልበት ያገኘው ለሦስት ዓመት በየቀኑ 100 ጊዜ ፑሽ አፕ እየሠራ፣ 100 ጊዜ ቁጢጥ ብሎ እየተነሣ፣ 10 ኪሎ ሜትርም እየሮጠ ነው ይላል፤ ለዚህም የከፈለው ዋጋ ፀጉሩ ነው፤ ራሱ እንደ እንቁላል ተላጭቶ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ምን አገኘ? መሰልቸትን። ከአስፈሪ ጭራቅ ጋር በሚዋጋበት ሰዓት የሚያስጮኸው ሞትን መፍራት አይደለም፤ ዕለቱ በገበያ ዋጋ የሚቀነስበት ቅዳሜ መሆኑ ትዝ ብሎት ነው።

ተማሪዎች ከሁሉ ይልቅ የሚሥቁበት ግን ፈተናው ነው። ሳይታማ በጀግኖች ማኅበር ለመመዝገብ ሲፈተን በጉልበት 50 ከ50 አገኘ። በጽሑፍ ፈተናው ደከመና ድምሩ 71 ሆነ፤ ማለፊያው 70 ነበር። ስለዚህ ዓለምን በቡጢ ሊያፈርስ የሚችለው ሰው በመጨረሻው ማዕርግ፣ ያውም 388ኛ ሆኖ ተመዘገበ። ለ2014 ዓ.ም. አገር አቀፍ ፈተና ከተቀመጡት መካከል ግማሹን ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ በሆኑበት አገር፣ ይህ ቀልድ ለማን ይጠፋዋል?

በ2008 ዓ.ም. በጥር ወር መታየት በጀመረው «ኮኖሱባ» ደግሞ ሜጉሚን የምትባል ልጃገረድ አለች። የተማረችው አስማት አንድ ብቻ ነው፤ ፍንዳታ። ተራራ የሚያህለውን ጠላት ታጋየዋለች፤ ነገር ግን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ወዲያው ትወድቅና ጓደኛዋ አዝሎ ይመልሳታል።

እርሷን ሳይ ጋፋት ትዝ ይለኛል። ከከተማችን ብዙ በማይርቀው በዚያ ስፍራ ዐፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን ባለሙያዎች 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አሠሩ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ መድፉን ይዘው ከደብረ ታቦር ተነሡ፤ ገደሉን እየደለደሉ፣ መንገዱን እየጠረጉ፣ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። በሚያዝያ ወር ንጉሡ ሞቱ። መድፉ ግን እስከ ዛሬ በመቅደላ አለ። በዚህ ማንም አይሥቅም፤ እኔም አልሥቅም። ሆኖም ነገሩ አንድ ነው፤ ያን ያህል ታላቅ ኃይል፣ ለተፈለገው ጉዳይ ግን የማይደርስ። ጃፓኑ ደራሲ ሣቅ ያወጣበት ቦታ ለእኛ የኀዘን ቦታ ነው።

የእኛ ሣቅ የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው። በፎገራ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐና የሚታወቁት በጦር በጋሻ አይደለም። ምላሳቸው ግን እንደ ሳይታማ ቡጢ ናት፤ አንድ ቃል ይበቃታል። አህያውን እየነዳ ብቻውን የሚሄደውን ባላገር በትሕትና «እንደምን ዋላችሁ» አሉት ይባላል፤ «አችሁ» የተባለው ከአህያው ጋር ተቆጥሮ መሆኑ የገባው ጥቂት ከሄደ በኋላ ነው። ሴት አያቴ ግን አለቃ በባለቤታቸው በወይዘሮ ማዘንጊያ የሚረቱበትን ጨዋታ ያስበልጣሉ። ሁልጊዜ የሚረታ ሰው አይጣፍጥማ! (እግረ መንገዴን ልናገር፤ በልጃቸው ስም የሚጠራውና በደብረ ታቦር ኢየሱስ የሚመሰከረው የተክሌ አቋቋም የእኒሁ ሊቅ ሥራ መሆኑን ከእኛ ከተማሪዎች ስንቱ ያውቃል?)

ወላጆቻችን ሆይ፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ኢንተርኔትም ሲቋረጥ፣ እነዚህን ፊልሞች በፍላሽ እየተቀባበልን አየናቸው። ያን ጊዜ ስለ ጀግናና ስለ ጉልበት የማይወራበት ቤት አልነበረም። እኛ ደግሞ በአንዲት ስልክ ዙሪያ ተሰብስበን፣ ሁሉን ድል ነሥቶ ቅናሽ ስላመለጠው መላጣ ሰው እንሥቅ ነበር። ያ ሣቅ ስንፍና ነበር ብዬ ለመመስከር አልችልም።

ከመድረክ ሳልወርድ በፊት አንድ አባት የጠየቁኝን ልመልስ፤ «ቋንቋው ጃፓንኛ ከሆነ እንዴት ይገባችኋል?» ብለውኛል። ከሥር በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ከመካከላችን ፈጠን ብሎ የሚያነበው አንዱ ወደ አማርኛ እየመለሰ ይነግረናል። አስተርጓሚያችን ከራሱ እንደሚጨምር ሁላችንም እናውቃለን። ሳይታማ ቅናሹ አምልጦት ሲጮኽ «ወይኔ ሽሮዬ!» ያሰኘው እርሱ ነው።