ጉልበታችንን ይዘን እናርጅ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በቋንቋችን «ጉልበት» የእግር መታጠፊያም ነው፣ የሰው አቅምም ነው። ከመደብ መነሳት ያቃታት ሴት ገበያውም ቤተ ክርስቲያኑም ይርቃታል። እቴጌ ምንትዋብ ወዳሠሩት ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም የሚወስደውን ዳገት እያረፍን የምንወጣ ሁሉ ይህን እናውቀዋለን።

እናቶቻችን እህል በድንጋይ ወፍጮ ይፈጩ፣ ውሃ በእንስራ ይቀዱ ነበር። ያ ሥራ ወገብ ይሰብራል፤ ይመለስልን የሚል ከመካከላችን የለም። ሆኖም የወፍጮ ቤቱ፣ የቧንቧውና የባጃጁ መምጣት ድካሙን ሲያቀልልን ጡንቻችንን የሚያሠራውንም አብሮ ወስዶታል። አሁን በራሳችን ፈቃድ፣ በልክ ልናሠራው ይገባል።

ጡንቻ ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ደግሞ አጥንታችን ይሳሳል። ስለዚህ አንዲት እናት ደጃፏ ላይ አዳልጧት ብትወድቅ ዳሌዋ ሊሰበር ይችላል፤ ዳሌያቸው ከተሰበረ በኋላ ብዙዎች እንደ ቀድሞው አይራመዱም። ልጆቻችን አዲስ አበባና ዓረብ አገር በሄዱበት በዚህ ዘመን ማን ደግፎ ያነሳናል?

ደግነቱ ጡንቻ በእርጅናም ይታዘዛል። በ1990 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቦስተን ዕድሜያቸው 90 ገደማ የሆኑ አረጋውያን ለ8 ሳምንት የእግር ማጠንከሪያ ልምምድ ሠርተው የእግራቸው ጉልበት ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። የእኛዋ ደራርቱ ቱሉም በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ወርቅ ካመጣች ከ17 ዓመት በኋላ፣ ወልዳም በ37 ዓመቷ፣ በ2002 ዓ.ም. የኒውዮርክ ማራቶንን አሸንፋለች። እኛ ማራቶን አንሮጥም፤ ከመቀመጫችን ያለ ደጋፊ መነሳት ግን እንፈልጋለን።

የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑት ደግሞ 3 ቀን ሚዛን የሚያስጠብቅ ልምምድ ይመክራል። በቤታችን ይህን ማድረግ እንችላለን፦

ከጠንካራ ወንበር እጃችንን ሳንደገፍ መነሳትና መቀመጥ። ግድግዳ በሁለት እጅ ተደግፎ ክንድን ማጠፍና መዘርጋት። የበር መቃን ይዞ በእግር ጣት መቆም። አንዱን እግር ከሌላው ፊት አስከትሎ ቆሞ እስከ 10 መቁጠር። ውሃ የሞላ ሃይላንድ በሁለት እጅ ማንሳት፤ 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነውና በግማሽ ሊትር ጀምረን ቀስ በቀስ እንጨምራለን።

ራሳችንንም እንፈትን። እጃችንን ደረታችን ላይ አጣምረን በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ከወንበር እንደምንነሳ እንቁጠር። ከ65 እስከ 69 ዓመት ያለች ሴት 11 ካልሞላላት እግሯ ደክሟልና መውደቅ ያሰጋታል።

ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባት አስቀድማ ሐኪም ታማክር። ስንሠራ ትንፋሽ አንያዝ። ደረት ከወጋን ወይም ካዞረን ወዲያው እናቁም።

ምግቡም አይረሳ። ምርጡን ለባልና ለልጅ አቅርበን በትራፊው መዋል ጡንቻ አይሠራም። በጾም ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ፣ በፍስክ እንቁላልና ወተት ለእኛም ይድረሰን።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ ውድ መሣሪያ አንጠይቅም። የማይነቃነቁ ጥቂት ወንበሮችና አንድ የደም ግፊት መለኪያ ይበቁናል።

እህቶቻችን፣ ብቻዋን የጀመረች ቶሎ ትተወዋለች፤ አብረን ከሆንን ግን የቀረችውን እንጠይቃለን። ስለዚህ በየስብሰባችን ቡናው ከመፈላቱ በፊት 10 ደቂቃ አብረን እንድንሠራ ሐሳብ እናቀርባለን። ከተስማማችሁ ዛሬውኑ ተነስተን እንጀምር።